የጋሽ መኮንን ቀይ ቁልፍ

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩላት። ምናልባት የሰማሁት ልክ ካልሆነ ብዬ ነው። የእህታቸው ልጅ ናት ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለችልኝ፤ ሁለተኛም ያንኑ ነገረችኝ። ጋሽ መኮንን ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ልባቸው ነው አለች።

እንዴት ይሆናል? ቅዳሜ እኮ አብረን ነበርን።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ መኮንን አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ አርሊንግተን ፓርኪንግ ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤልትዌይ የሚባለውን ቀለበት መንገድ ይዘው አሌክሳንድሪያ ድረስ እየመጡ ለልጆቻችን የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያስተምሩ ነበር፣ በነጻ። ያውም ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን፣ ማንንም የማይሰሙበት ዕድሜ ላይ የደረሱትን። እኔ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡትን ኮምፒውተርና ፕሮጀክተሩን ነበር የማገናኝላቸው።

አንድ ሻንጣ ነበራቸው። ውስጡ አንድ ትምህርት ቤት አርጅተዋል ብሎ ያስወገዳቸው አሥራ አራት ትንንሽ ሪሞቶች አሉ። እያንዳንዱ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ አለው። ልጆቹ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ይቆጥርና ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ቀይ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ማን የቱን እንደተጫነ ግን አይታወቅም።

የመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ላይ «አንድ ሴናተር የሚመረጠው ለአራት ዓመት ነው» ብለው ጻፉና "ትክክል ነው የምትሉ አረንጓዴ፣ ጋሼ ተሳስተዋል የምትሉ ቀይ" አሉ።

አሥራ አራት አረንጓዴ ወጣ። አንድም ቀይ የለም።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "የሚያውቅ የለም ማለት ነው?"

ሄርሜላ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ አይ ኖው፣ ሲክስ ይርስ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ግን እርስዎን ሮንግ ነዎት ማለት... ሩድ ነው። ማሚ ትገድለኛለች።"

ስማቸው በማይታወቅበት ነገር ላይ እንኳ። እኛው ነን እንዲህ አድርገን ያሳደግናቸው፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። "ልጆች፣ ሕገ መንግሥት ማለት እኮ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ሳትሰድቡት የምትነግሩበት መንገድ ነው" አሉ። ከዚያ አንዱን ሪሞት ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። "አረንጓዴውን ብቻ አልሰጠኋችሁም። ቀዩም የእናንተ ነው።"

ከዚያ ወዲህ በየትምህርቱ አውቀው አንድ ስህተት ይደብቁ ነበር። ቀይ የተጫነ ራሱ እጁን ያወጣል፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አንቀጹን ፈልጎ ለክፍሉ ያነባል፤ ዝም ብሎ መቃወም የለም። በሁለት ወር ውስጥ ልጆቹ ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀይ የሚጫኑ ሆኑ። የሄርሜላ እናት መጥታ "ጋሼ፣ ልጄን ምን አደረጉብኝ? ወጡ እንዴት ነው ብላት 'ቀይ' አለችኝ" ስትላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እኔንም አይለቁኝም ነበር። ሥራ ቦታ ያለ ፈቃዴ ሺፍት ቀየሩብኝ ብዬ ሳማርር፣ ሰምተውኝ ሲያበቁ "ቀዩም ያንቺ ነው እኮ" ይሉኛል።

አሁን የምጽፈውን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

የምንማርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ደረጃው መሃል ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሻንጣውን መሬት አስቀምጠው የደረጃውን ብረት ይዘዋል። በዚያ ብርድ ፊታቸው በላብ ርሷል።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ደረጃው ነው።"

ደህና እንዳልሆኑ አይቻለሁ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ፣ አምቡላንስ ልጥራ የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ደህና ነኝ ያለን ትልቅ ሰው "የለም፣ ደህና አይደሉም" እንዴት ይባላል? "እሺ ጋሼ" አልኩ። ሻንጣውን ልቀበላቸው ስል እምቢ አሉኝ፤ ለዚያም እሺ አልኩ።

እነዚያ ልጆች በሁለት ወር የተማሩትን እኔ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴትዮ፣ አልተማርኩም። አረንጓዴውን ተጫንኩ።

ያን ቀን ቁጭ ብለው አስተማሩ። ሲወጡ "ሻንጣው አንቺ ጋ ይቆይ" አሉኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብለው አያውቁም። ያኔም "እሺ ጋሼ" ነው ያልኩት።

ይኸው ሻንጣው ፊቴ ተከፍቶ ተቀምጧል። በየሪሞቱ ጀርባ በፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፈዋል፣ በዚያ በአስተማሪ እጅ ጽሑፋቸው። ወላጆች በስልክ ግሩፓችን ላይ "ቅዳሜ ክላስ አለ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ሄርሜላ "ኢዝ ኢት ትሩ?" ብላ ቴክስት አድርጋልኛለች። አልመለስኩላትም። የማደርገው ጠፍቶኝ ሪሞቶቹን አወጣለሁ፣ መልሼ እደረድራለሁ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደረጃው አልነበረም። ተሳስተው ነበር፤ እኔም አውቄ ነበር።

የሄዱበት ደረጃ የሌለበት ይሁንልዎ። ሸክምዎን የሚቀበልዎ፣ እምቢ ቢሉትም የማይሰማዎት ሰው ይግጠምዎ።

አሁን አንዱን አንስቼ ቀዩን ተጫንኩት ጋሼ። ደጋግሜ ተጫንኩት። የሚቆጥረው ኮምፒውተር እርስዎ ቤት ነው።