በሩን እንዳትቆልፊው

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ቀጥ» ይላታል። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ልክ ስትወስድ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ «ቀጥ በል» ሳትል አትጀምርማ። ሞያዋን የሚያማ የለም። የሚታማው የምትልከው መልእክት ነው። ጢሙን የሚያጎፍረው ሥጋ ሻጭ «ሱሪዬ ደረሰ?» ብሎ ቢጽፍላት «እሺ እመቤቴ» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲያስቅበት ይኖራል።

ይሳቅ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ስልኩ የሟች ባሏ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ከመንገድ ላይ ሲጽፍላት ኖሯል። እሱ ሲሞት የእሷን አሮጌ ስልክ ጥላ የእሱን ያዘች። በመጀመሪያው ቀን «እ» ብላ ልትጽፍ ስትጀምር ከፊደሎቹ በላይ «እመቤቴ» የሚል ቃል ብቅ አለ። ነካችው። «መጣሁ» አለ። ነካችው። «በሩን» አለ፣ ቀጥሎ «እንዳትቆልፊው»። ያልተሰፋው ጨርቅ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ኪቦርዱ የባሏን እጅ ለምዶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ክር ሲበጠስባት፣ ሆድ ሲብሳት፣ አንዲት ፊደል ትነካለች፤ እሱም ይመልስላታል። አንዳንዴ ያለ ቦታው ይመልሳል። በሕይወቱም እንደዚያው ነበር።

ታዲያ ባሕር ማዶ ያለችው ልጇ ወለደች። በቪዲዮ የሚያገናኛቸው ነገር ደግሞ ስልኩ አፕዴት ካልተደረገ አልከፈትም አለ። ሞባይል ሠሪው ዘንድ ብትሄድ፣ ፎቶውም መልእክቱም እንደማይነካ፣ ኪቦርዱ ግን በአዲስ ስለሚተካ የለመደው ቃል ሁሉ እንደሚጠፋ ነገራት። የባለቤትዎ መልእክት እንዳለ ነው፣ ምን ያስጨንቅዎታል አላት። መልእክቱ ባሏ ድሮ ያላት ነው፤ ኪቦርዱ ግን ዛሬም የሚላት። ይህን ለሞባይል ሠሪ እንዴት አድርጋ ታስረዳው? ሌላ ስልክ እንዳትገዛ ዋጋው አይቀመስም።

ስልኩ አፕዴት ልጫን ወይ ባላት ቁጥር «በኋላ» የሚለውን ትነካለች። ልጇ ስትጠይቃት ኔትወርኩን ታማለች። ምስኪን ኔትወርክ፣ ያላጠፋውን ስንቱን ተሸከመ! ሕፃኑ ሳቀ ተባለ፣ አንገቱን አጸና ተባለ፤ እሷ በወሬ ብቻ ታሳድገዋለች። በመጨረሻ ልጇ ደውላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እማዬ፣ አባባ ሳያየው ቀረ። አንቺም ልትቀሪ ነው?» አለቻት።

ስልኩን ዘግታ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች «እ» ብላ ነካች። እመቤቴ። መጣሁ። በሩን። እንዳትቆልፊው።

«አልቆልፈውም» አለች፣ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ «አሁን ጫን» የሚለውን ነካችው።

ስልኩ ጨልሞ ሲቆይባት ኮሌታ ገልብጣ ሰፋች። ሰፍታ ሰፍታ ስትፈታው ስልኩ በራ፤ ቪዲዮውም ተከፈተ። ልጇ ሕፃኑን ወደ ካሜራው አስጠጋችው። ቅንድቡን ሰብስቦ አኩርፏል፤ ቁርጥ ባሏን። እየሳቀች አለቀሰች። ልጇም ሕፃኑ ትንሽ ጠንከር ሲል ይዛው እንደምትመጣ ነገረቻት።

ሲሰነባበቱ «እ» ብላ ነካች። «እና»፣ «እንደ»፣ «እስከ» አላት፤ ለማንም የሚሆን ቃል። ያን ጊዜ ነው ባሏ እንደ አዲስ የሞተባት። ናፈቃት፣ በጣም ናፈቃት።

ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ለልጇ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች፣ «ኑልኝ። በሩን አልቆልፈውም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ መቼ ትመጣላችሁ ባለች ቁጥር ይህንኑ ስለምትጨምርበት ስልኩ ለመደው። አሁን «በ» ስትል «በሩን» ይላታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እጇን ሰብስባ ትጠብቃለች። «አልቆልፈውም» ይላታል፣ የራሷን ቃል። እንዳትቆልፊው የሚላት የለም።