በዘፈን የተፈተለ ባና

ልጄ ልትዳር ሦስት ወር ሲቀራት ባለፈው ዓመት የተወደዱትን ዘፈኖች በፍላሽ ሞልታ ከትንሿ ስፒከሯ ጋር አመጣችልኝ። ሠርጓ ላይ የምጨፍርበትን ራሴ እንድመርጥ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይዞኛል። ተድራ የምትሄደው ጎረቤላ ነው፣ የጎረቤላን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ለሠርጓ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ። የበጉን ፀጉር አጥቤ፣ በደጋን ነድፌ፣ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ እየፈተልኩ ማዳመጥ ጀመርኩ።

መምረጥ ያስቸገሩኝ ሦስቱ ናቸው። አንዱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጁ ሁሉ ሲያስጮኸው የከረመ፣ ትከሻን አርፎ የማያስቀምጥ ነው። ሁለተኛውን የሚዘፍነው ጥላው የሄደችውን የሚለምን ሰው ነው፤ እውነቴን ነው፣ ሁለት ቀን አልቅሼለታለሁ። ሦስተኛው ስለ ገበያ መንገድ የሚዘፈን የአንዲት ሴት ዘፈን ነው። ክፉም ደግም አልለውም። ጎረቤቴማ የዕቃ ማጠቢያ ዘፈን ትለዋለች። ልቤ የባጃጁ ላይ ነበር።

ክሩን ጨርሼ ልቃቂቶቹን በዘንቢል ለሸማኔው ወሰድኩ። ለእናቴም የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ክሩን በጣታቸው መሀል አሳለፉና፣ “ስንት ሆናችሁ ነው የፈተላችሁት?” አሉኝ።

“ኧረ ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ይኼንን የፈተለችው መኪና ሊያመልጣት ነው። ይኼንን የፈተለችው ደግሞ ከለቅሶ ቤት የተመለሰች ናት።”

ቀጭንና ወፍራም ተቀላቅሎ ቢሸመን ባናው ይሸበሸባል ብለው ዘንቢሉን መለሱልኝ። ለሠርጉ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ዘንቢሌን ታቅፌ ስመለስ አንድ ባጃጅ ያን ዘፈን እያስጮኸ አጠገቤ አለፈ፤ ትከሻዬ ሳላዘው ተነቃነቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቤት ገብቼ እንዝርቴን አነሳሁና አንድ በአንድ ሞከርኩ። በባጃጁ ዘፈን ክሩ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል። በሚለምነው ሰውዬ እጄ ይዝልና ክሩ ገመድ ያክላል። በዕቃ ማጠቢያዋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ ሌላ ዘፈን አልተሰማም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል፣ ሴትዮዋ እስካሁን ገበያ አልደረሰችም ወይ እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ልጄም ስትመጣ ሰምታ ሳቀች።

“እማዬ፣ ከዚህ ሁሉ ይኼን መረጥሽ?”

“ጆሮዬ አይደለም የመረጠው፣ እጄ ነው” አልኳት።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ባናው ደረሰ። መሀሉ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ብቻ ክር አንሶ ስለነበር ሸማኔው አንዱን ዳር በባጃጁ ዘፈን ከፈተልኩት ቀጭን ክር ጨርሰውታል። ሠርጉ ላይስ? እጄ ሥራውን ጨርሷል፣ ተራው የትከሻዬ ነበር፤ በባጃጁ ዘፈን ነጠላዬ እስኪወድቅ ጨፈርኩ።

በሳምንቱ ልጄ ከጎረቤላ ደወለች። ባናው በጣም ይሞቃል፣ አንዱ ዳር ብቻ ነፋስ ያስገባል አለችኝ።

“እሱማ የጨፈርኩበት ዘፈን ነው” አልኳት። “በባልሽ በኩል አድርጊው።”