ስለ ወንዝ ዳሯ ከተማ የሰማሁበት ጠዋት

ሰው ሲያወራኝ ማቋረጥ አልችልም፤ በተለይ ትልቅ ሰው ከሆነ አፌ ይታሰራል። ይህን ጠባዬን አክስቴ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ጊዜው የኮሮና ነው። ወንድሜ ጆሃንስበርግ ሆስፒታል ተኝቷል። ገብቶ መጠየቅ ስለተከለከለ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እየደወልኩ ስለ እሱ እጠይቃለሁ። የዚያን ቀን አክስቴ ከጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ጀርሚስተን ያለውን ሱቃችንን ለእኔ ትታ በጠዋት ወጣች።

ልደውል ስል ጎረቤታችን፣ ስፔናዊው ሽማግሌ፣ ከመስኮቱ ፍርግርግ ማዶ መጡ። ከ«ዳቦ» ሌላ ቃል ተናግረውኝ የማያውቁት ሰውዬ ስለ ትውልድ ከተማቸው ጀመሩልኝ።

«ያኖረን ወንዙ ነበር፣ ልጄ። ወፍጮውም የወረቀት ፋብሪካውም የሚሠሩት በውሃው ነው። ጀልባዎቹ ወይን ጭነው ይወርዱ ነበር።»

«እሺ» አልኩና ስልኬን አየሁ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! ከላይ ግድብ ተሠራ። ወንዙ ቀጠነ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ወጣቱ ተሰደደ። እኔም እዚህ ወርቅ ልቆፍር መጣሁ። እናንተስ አገር ወንዝ አለ?»

«አለ። ጋሼ፣ ልደውል ነበር…»

«ምን ይባላል?»

አራት ሰዓት አለፈ። የከተማቸውን ድልድይ ቅስቶች አንድ በአንድ አወሩልኝ። በሆዴ ረገምኳቸው።

መኪና መጥቶ ቆመ። ፓስተራችንና ሁለት የአገራችን ሽማግሌዎች ጭምብላቸውን አድርገው ወረዱ። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላቸው መጣች።

ስፔናዊው ወሬያቸውን መሀል ላይ ትተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አክስትሽ፣ ‹እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይሰማም፤ ሽማግሌዎቹን ይዤ እስክመጣ በወሬ ያዙልኝ› ብላኝ ነው።»