ባለቤቴን ከሱቅ ያስወጣ የበርበሬ ቅምሻ

ዛሬ ባለቤቴን ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ካለው ከገዛ ሱቃችን አስወጣኋት። ተረጋጉ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

በርበሬ የምታዘጋጅልን እዚሁ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር የምትኖረው ገነት ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚሁ ሥራ ነው። ባለቤቴ ግን «ደንበኛው የሚወደው ከአገር ቤት የመጣውን ነው፤ የገነት ይቅርብን» አለችኝ።

እኔ ሳልፈትን አልወስንም። ሁለቱንም አዋዜ አድርገን በዳቦ አስቀመስን። የቀመሰ ሁሉ የአገር ቤቱን መረጠ።

ሳይኮሎጂ የምታጠናው የእህቴ ልጅ ሳቀች። «ኸላስ፣ በቃ፣ አክስቴ! ፊትሽ እኮ እየመረጠላቸው ነው!»

እውነቷን ነው። ባለቤቴ የአገር ቤቱን ስታቀርብ ፈገግ፣ የገነትን ስታቀርብ ኮስተር ትል ነበር።

ስለዚህ ባለቤቴ ወጣች። የእህቴ ልጅ ሳህኖቹን ጓዳ አዘጋጀች፤ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቀው ጎረቤታችን ለአዳዲስ ደንበኞች አቀረበ። ምርጫው እኩል ተከፈለ። «ይሄ ነው የእናቴ እጅ!» ብሎ የጮኸው ሰውዬ የቀመሰው የገነትን ነበር።

ባለቤቴ ስትሰማ «ጉንፋን ይዞት ይሆናል» አለች። ከዚያ ግን ራሷ ደወለች፦ «ገኒ፣ ለቅዳሜም አዘጋጂልን፣ ኢንሻላህ።»

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ የሻጩን ፊት አይታችሁ የገዛችሁት ምን ነበር?