ስፓምን በአማርኛ ያጠመቅኩ ሰሞን

ሚድ ዊልሻየር በሚባለው ሰፈር ያለው የትርጉም ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ከረባት አስሬ ሄድኩ። ሌላው ሁሉ በቲሸርት ነበር። አለቃዬ የአንድ ኢሜይል አፕ የቃላት ዝርዝር ሰጠኝና «ስፓም ከሚለው ጀምር» አለኝ። ማንም ያልጠየቀው የማስታወቂያ ኢሜይል የሚጣልበት ሳጥን ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሜቭ አየርላንዳዊት ናት፤ ወደ አይሪሽ ትተረጉማለች።

«እናንተ ስፓምን ምን አላችሁት?» አልኳት።

«ቱርስካር።»

«ከየት አመጣችሁት?»

«የዱሮ ቃል ነው። ማዕበል ባሕር ዳር የሚተፋው የሞተ አረም፣ ግሳንግሱ ሁሉ ቱርስካር ነው። ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ ሶ፣ ማስረዳት አላስፈለገንም።»

በሆዴ ሳቅኩባት። እኛ ግዕዝ እያለን አረም እንለቅማለን? ሦስት ቀን መዝገበ ቃላት አገላብጬ «ዘኢተጠየቀ» የሚል ቃል ወለድኩ። ያልተጠየቀ ማለቴ ነው። አለቃዬ አማርኛ ስለማይችል በጣም አደነቀኝ።

አፑ ከመውጣቱ በፊት ፌርፋክስ አካባቢ ያሉ ሐበሾች ሁለት ሳምንት ሞከሩት። አንዷ እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ የአረጋውያን አፓርትመንት ለማግኘት አራት ዓመት ሙሉ ተራ ሲጠብቁ የኖሩ። አስተያየታቸውን ልቀበል ቤታቸው ሄድኩ።

«ሁሉም ጥሩ ነው ልጄ። ይቺን ብቻ አልነካኋትም» ብለው የእኔን ዘኢተጠየቀ አሳዩኝ።

«ለምን እትዬ?»

«ቅዳሴ መስሎኝ! እኔ ጴንጤ ነኝ።»

ከፈትኩት። በክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ መሀል የአፓርትመንቱ ደብዳቤ ተኝቷል። ተራዎ ደርሷል፤ ዛሬ ቢሮ እስኪዘጋ መልስ ካልሰጡ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። ሰዓቴን ቼክ ሳደርግ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

መልሱን በጥድፊያ ጻፍኩላቸው። ሦስቴ ተሳስቼ አጠፋሁ። «ደርሶናል፣ ቤቱ ተይዞልዎታል» የሚል ሲመጣ እሳቸው «ጌታ ይመስገን!» አሉ፣ እኔ ሶፋው ላይ ወደቅኩ።

ትንፋሼ ሲመለስ «እርስዎ ቢሆኑ ይሄን ሳጥን ምን ይሉት ነበር?» አልኳቸው።

«ጥራጊ ነዋ! ጥራጊ ደግሞ ሳይፈተሽ አይደፋም፤ ስንት የጆሮ ወርቅ ይገኝበታል። ለመሆኑ አንተን ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?»

በማግስቱ ዘኢተጠየቀን ሰርዤ ጥራጊ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ያኛው ይሻል ነበር፣ ከበድ ይላል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃል ሳወጣ መጀመሪያ የሚጠቀምበትን ሰው እጠይቃለሁ። መዝገበ ቃላቱን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።