ለአንድ ኤክስ የተላከ ሽማግሌ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች አሰላ ካለው ቤታችን በር ሲደርሱ ባለቤቴ ሴት ልጃችንን ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች። የመጡት ግን በፕላኔት ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ስለ ሳይንስ መምህሬ ጋዜጣ ላይ ጽፌ ነበር። ተማሪ ሳለሁ በፈተና፣ ከእኛ ፀሐይ በቀር ፕላኔት ያለው ኮከብ የለም፤ እውነት ወይስ ሐሰት ብለው ጠየቁን። ሐሰት አልኩ፤ ኤክስ አደረጉብኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፀሐያችንን የሚመስል፣ በኮከብ ርቀት ቅርብ የሚባል ኮከብ የሚዞር ግዙፍ ፕላኔት ተገኘ። ዙሩን በአራት ቀን ገደማ ይጨርሳል፤ እዚያ ሰው ቢኖር እንቁጣጣሽ ይሰለቸው ነበር። እኔም ይህን ሁሉ አንስቼ፣ የሚያስብ ልጅ በእኛ አገር እንዴት እንደሚቀጣ አስረዳሁ። ስም አልጠራሁም። አሰላ ውስጥ ስም አለመጥራት ማንንም አይደብቅም።

መምህሩ ጡረታ ወጥተው ሲሬ ይኖራሉ። ጽሑፉን ካነበቡ ወዲህ ከቤት አይወጡም፣ ሊያዩህ ይፈልጋሉ አሉኝ ሽማግሌዎቹ። ሚኒባሱ ውስጥ መከላከያዬን እያዘጋጀሁ ሄድኩ።

መምህሩ ቆመው ጠበቁን። አፌን ሳልከፍት፣ «ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አሉ። ሳይንቲስት ሊሆን ይችል የነበረውን ልጅ በአንድ ኤክስ ምክንያት ጋዜጣ ላይ የሚሞነጫጭር አድርገው እንዳስቀሩት ደምድመዋል፤ እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነው። አንደኛው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ጉዳቱ ሳያሳዝነው አልቀረም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አሉ። «እኛ መምህራኑ ያላወቅነውን አንተ በምን አወቅህ?»

መዋሸት ቀላል ነበር፤ በጋዜጣ አስቀድሜ ዋሽቻለሁ።

«አላወቅሁም፣ ቲቸር። ከዚያ በፊት አምስቱን በተከታታይ እውነት ብዬ ነበር። ስድስተኛውም እውነት ሊሆን አይችልም ብዬ ነው።»

ተቀመጡ። ከአምስቱ ስንቱን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ሁለቱን አልኳቸው።

«እንግዲያው ኤክሱ አንሶሃል» አሉ፤ ሲናገሩም ፊታቸው ፈታ አለ። ያን ያህል መንገድ መጥተው የሚያስታርቁት ያጡት ሽማግሌዎች ቢያንስ ፍርድ መስጠት አለብን አሉ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ባወጣሁበት ጋዜጣ ይህንንም እንዳወጣ ፈረዱ። መምህሩ እስከ በር ሸኙን፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው ከእኛ ጋር እስከ መናኸሪያ መጡ። መንገድ ላይ ሰላምታ የሰጣቸውን ሁሉ አስቁመው፣ ይህ ልጅ ገምቶ ነው የመለሰው እያሉ አስተዋወቁኝ።

ይህ ጽሑፍ የፍርዱ አፈጻጸም ነው። ፕላኔቱ አለ። ያወቅሁ አስመስዬ የጻፍኩትን ግን ሽሬያለሁ።