ጥሩንባ ነፊው ያሳየኝ ቦታ

ሁለተኛዋ ድሮን የወደቀችው የሰው ገብስ ውስጥ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ቦታው ሰከላ ውስጥ፣ ከግሽ ዓባይ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ገጠር። ገብሱ ደርቆ ማጭድ የሚጠብቅበት ሰሞን። ድሮኗ ከኮረብታው ጫፍ የመጣ ነፋስ ሲመታት አንድ ጊዜ ዘመም አለች፣ ልትቃና ሞከረች፣ ከዚያ ቁልቁል ሄደች። ድምፅዋ ሲቋረጥ መቆጣጠሪያውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የማሳው ባለቤት ምን ይለኛል የሚል ነው። የትምህርት ክፍሉን ንብረት ፈርሜ መውሰዴ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ባለማሳው መጡ። ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ዱላ ይዘዋል። የተሰበሰበው ሰው ተከትሏቸው ወደ ማሳው ሊገባ ሲል ዱላቸውን አግድም ይዘው አስቆሙት። ብቻቸውን ገቡ። ገብሱን በዱላቸው ግራና ቀኝ እየከፈሉ፣ እግራቸውን እየመረጡ ሄዱና ድሮኗን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወጡ።

«ተጎድታ ይሆን?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ አባባ። ገብስዎን ግን አበላሸሁብዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የገብሱስ ገብስ ነው። እስቲ እሷን እያት።»

አንድ ክንፏ ተሰብሮ ነበር። መለዋወጫ ስለያዝሁ እዚያው ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀየርሁት። እሳቸውም አጠገቤ ቁጭ አሉ።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። በዚያን ጊዜ ቡሬ ባለው ካምፓስ ረዳት መምህር ነበርሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፌ ብቻ ነበር። ርዕሴ ኔትወርክ በሌለበት አገር ትንንሽ ድሮኖችን ሰማይ ላይ አቁሞ ሰውን ማገናኘት ነው። እያንዳንዷ ድሮን መዳፍ የምታህል ሬዲዮ ትሸከማለች። መሬት ላይ ያለ ስልክ ከቅርቡ ድሮን ጋር ይገናኛል፣ እሷ ለሁለተኛዋ ታቀብላለች፣ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ድሮኖቹን የት ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው። ያሉኝ ሦስት ናቸው፤ የአንዷ ባትሪ በዚያ ደጋ አየር ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ከተፈቀደልን ከፍታ በላይ ማውጣትም አንችልም። ቡሬ ሆኜ ለወራት ኮምፒዩተሬ ላይ ስሠራው ግን አምሮልኝ ነበር። ካርታው ላይ ሦስት ሰማያዊ ነጥቦች፣ እኩል እኩል ተራርቀው።

ድሮን የሚለው ቃል ያኔ ገና ሰው አያስደነግጥም ነበር። ድምፁን የሰማ ሁሉ ከቤቱ እየወጣ ወደ እኛ ነበር የሚመጣ።

አማካሪዬ የመጀመሪያውን ቀን አብረውኝ ውለው፣ ድሮኗ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብለው፣ ለማስተማር ወደ ቡሬ ተመልሰዋል። ስለዚህ ያንን ካርታ ዘርግቼ ያስረዳሁት ለሽማግሌው ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ።

«እንግዲያስ ሥራችን አንድ ነው» አሉ። «የዚህ አገር ዕድር ጥሩንባ ነፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት፣ እሳት ሲነሣ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ማሰማት የኔ ፈንታ ነው።» ከዚያ ጣታቸውን መሀለኛው ነጥብ ላይ አሳረፉ። «ይህች የት ላይ ናት?»

ከካርታው ቀና ብዬ ቦታውን አሳየኋቸው። ከታች ያለው ረግረግ ነው።

«እዚያ እኮ የሚኖር እንቁራሪት ነው። ለእንቁራሪት ነው የምትነግሪ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጆሮዬ ድረስ ነበር የጋልሁ። ልክ ነበሩ። ኮምፒዩተሬ መሬቱን እንጂ ቤቶቹን አላየም። ማየት የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ማደሪያዬ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲሆን ተነጋግረን ነበር። እሳቸው ግን «ሴት ልጅ ባዶ ቢሮ አታድርም» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። እዚያ ምራታቸው ተቀበለችኝ፤ ባሏ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ ቆላ ወርዶ የሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራል። ከእሷ ጋር ነው የሰነበትሁ።

በማግስቱ ጧት ሽማግሌው ጥሩንባቸውን በትከሻቸው አንግተው «ነይ፣ የምቆምበትን ላሳይሽ» አሉኝ። ሊነፉት እንዳልሆነ ለጎረቤት ሁሉ እየተናገሩ ነው የሄድን፤ ጥሩንባ ይዘው ሲያያቸው ሰው ማን ሞተ ብሎ ይደነግጣልና።

ሦስት ቦታ ነበራቸው። አንደኛው ከወፍጮው በላይ ያለ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ሲነፉ የታች ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያለች ጉብታ ናት፤ ቅዳሴ ካልወጣ አይነፉባትም። ሦስተኛው ሩቅ ነው። ወንዙን ወደ ታች ትተን፣ የተራራውን ጎን ይዘን፣ ሰባት ጊዜ ሳናርፍ አንቀርም፣ እዚያ ደረስን። ከገደሉ አፍ ላይ ቆመው ወንዝ ማዶ ያሉትን ጥቂት ቤቶች በዱላቸው አሳዩኝ።

«ለነዚያ ቤቶች ብለው ነው ይህን ሁሉ የሚወጡት?» አልኋቸው።

ዱላቸውን አጠገባቸው አጋደሙ። ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ነፋስ በበዛበት ቀን፣ ከወንዙ ወዲህ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ሞተ። እኅቱ ወንዝ ማዶ ነው ያገባች። እሳቸው ያን ቀን ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነፍተው ተመለሱ። ይሰማል ብለው ነው። ነፋሱ ወሰደው። እኅት የመጣችው ወንድሟ ከተቀበረ በኋላ ነው።

«ማንም አልወቀሰኝ» አሉ። «እሷም አንድ ቃል አልተናገረች። ግን ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም የምትለኝ መሬት መሬት እያየች ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብም ይጣል፣ ጉልበቴም ይመመኝ፣ እዚህ እወጣለሁ።»

ቦታውን መሣሪያዬ ላይ መዘገብሁ።

ከሰዓት በኋላ ሙከራ ጀመርሁ። ከወፍጮው በላይ ያለው አፋፍና የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ከኮምፒዩተሬ ነጥቦች እጅግ የተሻሉ ሆኑ። የታች ሰፈር ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ስልኩ መስመር ያዘለት። ሦስተኛው ቦታ ግን እምቢ አለ። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ጥሩንባ ገደሉን ታክኮ ይዞራል፤ የእኔ ሬዲዮ ተራራ ከመጣበት እዚያው ይቀራል። ሦስተኛዋ ድሮን ማዶን ታያለች፣ ሁለተኛዋን ግን አታይም።

ይህን ለሽማግሌው መንገር ከበደኝ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው፣ ያን ያህል ነገር አጫውተውኝ፣ ቦታዎ አይሆንም ማለት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ምራታቸው ቀቅላ ያመጣችልንን ድንች ማሳው ዳር ተቀምጠን ስንበላ፣ እንደምንም ነገርኋቸው። ድንቹን ማኘካቸውን ቀጠሉ።

ምራታቸው የድንች ልጣጭ እየለቀመች «እኔ አንድ ቦታ አውቃለሁ» አለች።

«የቱን?» አሉ።

«የኔትወርክ ድንጋይን።»

«የምን ድንጋይ?»

«ከጸበሉ በላይ ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ነው፣ አባየ። ጫፉ ላይ ሲቆሙ ስልክ አንድ መስመር ያሳያል።»

ሽማግሌው ድንቹን አስቀመጡት። «እሑድ እሑድ ጸበል ልጠጣ ነው የምትይኝ፣ ይሄን ነው?»

«ጸበሉንም እጠጣለሁ» አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከዚያ እወጣና እደውልለታለሁ።»

እሷ ብቻ አልነበረችም። ባሏ ሩቅ አገር የሄደ የቀበሌው ሴት ሁሉ ያንን ድንጋይ ያውቀዋል፤ ወረፋም አለው። አገሩን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት ሽማግሌ ብቻ ናቸው ያልሰሙ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ግን መሣሪያዬን አንሥቼ ወደ ጸበሉ እየሮጥሁ ነበር። ድንጋዩ ላይ ቆሜ ዞር ስል የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወዲህ ይታያል፣ ወንዝ ማዶ ያሉት ቤቶች ወዲያ ይታያሉ፣ በጣም ሩቅ ደግሞ የግሽ ዓባይ ከተማ አንቴና ካለበት አቅጣጫ ያ አንድ መስመር ይመጣል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ሦስቱንም አወጣኋቸው። ምራቲቱ የእኔን ሁለተኛ ስልክ ይዛ ቀድማ ወንዝ ተሻግራለች።

«ማዶ ለማን ነው የምትደውይ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ለተገኘው ሰው ነው አባባ። መስማቱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆዩ። «ለእሷ ይሁን» አሉ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለምራታቸው ደውዬ ያቺን እኅት እንድትጠራልኝ ነገርኋት፤ ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ መጣ። ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

«እንዴት አድረሻል?» አሉ፣ ማዶ ድረስ እንደሚጣራ ሰው ጮኸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አድረዋል?»

«ደህና ነኝ። ይሰማል?»

«ይሰማል። አጠገቤ ቁመው የሚናገሩ ነው የሚመስል።»

ይህን ሲሰሙ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ፊታቸውን ወደ ማዶ መለሱ። ከዚያ የጎጃም ሰላምታ ቀጠለ። ልጆች ደህና ናቸው? ደህና። ባለቤትሽስ? ደህና። የልጅ ልጆቹ? ያቺ የታመመችው ተሻላት? ተሻላት፣ ተመስገን። እኔ የባትሪውን መጠን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። ስለ ቀብሩ አንድም ቃል አልተነሣም። ከተጠያየቁት ሁሉ አንድም ነገር ለየት ያለ አልነበረም።

«አባባ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረን» አልኋቸው።

«ገና ከብቱ ላይ ነው ያለሁ!»

መስመሩ ከብቱ ላይ ተቋረጠ። ድሮኖቹን እንደ ምንም አወረድኋቸው። ይናደዱብኛል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ። «የቀረውን በእግሬ ሄጄ እጨርሰዋለሁ» አሉ። ደግሞም ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ከላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፤ ራት ላይ ብቻ ከወትሮው በላይ ተጫወቱ።

ልሰናበታቸው ስል ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ይህች ነገር ለኛ ትቀራለች?»

ለትምህርት እንደሆነች፣ የእኔ እንዳልሆነች፣ መመለስ እንዳለብኝ ነገርኋቸው። ስናገር አፈርሁ። ያሳደሩኝ፣ ያበሉኝ፣ ዳገት ለዳገት ያዞሩኝ ሰዎች የጠየቁኝ ይህችን ብቻ ነው፤ መልሴ ደግሞ አይሆንም ነበር። እሳቸው ግን «ግድ የለም፤ ዕውቀቱን ጨርሰሽ ትመጫለሽ» አሉና የድሮኖቹን ሳጥን በቅሎ ላይ ራሳቸው አሰሩልኝ።

ጽሑፌን ስከላከል ከፈታኞቹ አንዱ «የመነሻ ነጥቦቹን በየትኛው ዘዴ ነው የመረጥሽው?» አሉኝ። የተዘጋጀሁበት ሌላ መልስ ነበር። «የዕድሩን ጥሩንባ ነፊና ባሎቻቸው የራቁባቸውን ሴቶች ጠይቄ ነው» አልሁ። አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዬ አልሳቁም። ኮምፒዩተሩ ከሰዎቹ ነጥቦች ተነሥቶ ሲፈልግ ቶሎ እንደሚያገኝ፣ ከባዶ ሲነሣ ግን ረግረጉ ላይ እየተመላለሰ እንደሚደክም የሚያሳየውን ገጽ ገልጠው ለፈታኙ አቀበሉ። አለፍሁ። የምስጋናው ገጽ ላይ የማንንም ስም ሳልጠራ የገብሱን ባለቤት፣ ምራታቸውን፣ ወንዝ ማዶ ያለችውን ሴት አመሰገንሁ። ሦስቱም እንደማያነቡት አውቃለሁ።

ዛሬ ድሮን አላበርርም። አሁን ያ ድምፅ ሲሰማ ሰው ወደ ውጭ አይወጣም፣ ወደ ቤት ይገባል፤ እኔም እገባለሁ። ፈቃድ ባገኝ እንኳ በዚያ መንደር ላይ ያንን ድምፅ ላሰማ አልደፍርም። ተማሪዎቼን የማስተምረው በካርታ ነው። ነጥብ ከማስቀመጣቸው በፊት «እዚህ ማን ይኖራል?» እላቸዋለሁ፤ ከማን እንደተማርሁት ሳልነግራቸው ያለፍሁበት ዓመት የለም። መልሼ ያልሰጠኋቸው ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ሳስባቸው ኀፍረቱን ምስጋናው ይበልጠዋል። አስቤው አላውቅም፣ ያለ እነሱ ዛሬ የትኛው ረግረግ ላይ እቆም እንደነበር።

መንገዱ እንደልብ ስለማይከፈት ራሴ አልሄድሁም። ባለፈው ፋሲካ ግን ጧፍና ዕጣን ሊገዙ ፍኖተ ሰላም የመጡ የዚያ አገር ቄስ አግኝቼ፣ ለሽማግሌው አንድ ጋቢ፣ ለምራታቸው ነጠላ አስይዤ ሰላምታ ላክሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልሱ በሌላ መንገደኛ አፍ መጣ። ሽማግሌው ጤና ናቸው፤ ጋቢው ደርሷቸዋል፤ ልጃቸው ከቆላ ተመልሶ እርሻውን ይዟል፤ ምራታቸው ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሰማንያኛዋን ቀን ጠብቀው ክርስትና አስነሥተዋታል።

መንገደኛው ይህን ሁሉ አንዱንም ሳይዘነጋ፣ መናኸሪያው መሀል ቆሞ፣ ቀስ እያለ ነገረኝ። ሲጨርስ አስቀምጬ ምሳ ጋበዝሁት፤ እኔም በተራዬ የምልከውን አንድ በአንድ ነገርሁት።